አድራሻው ተነቅሎ ሄዷል

ሌሊቱን በባቡር ከኤርዴኔት መጣች፤
ማለዳ በመጋዘኑ ደጃፍ፣ በመቃኛው ጨረር፣ አንዴ ጢን አሰኘች፤
ከዚያ ከሠላሳ ዕቃ መሐል፣ በባልዳን መኪና ተወሸቀች።
ሣጥኗስ ቀላል ናት፣ ግማሽ ኪሎ አትሞላ፤
የሚከብደው መንገዷ ነው፣ የቀረው ከባቡሩ ኋላ።

ላኪዋ ኖሚንቱያ፣ ሱቋ አንዲት ክፍል፤
መደርደሪያዋ አልጋዋ፣ መስኮቷ ሞባይል።
ሌሊት ትሰፋለች፣ ቀን ፎቶ ታነሣለች፤
"ነገ ይደርሳል" ብላ በሰው እግር ትምላለች።

የምትምልበት እግር የባልዳን ነው፦
ሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ፣
መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ ቶዮታ ዘዋሪ፣
የማያውቃት ሴት የሰጠችውን ቃል አክባሪ።

አድራሻው እንዲህ ይላል፦ "ከውኃ ማደያው በላይ፣
አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፤ አንድ ጆሮ የሌለው ጥቁር ውሻ ሲታይ፣
ነጩ የሱፍ ድንኳን።"
ቁጥር የለ፣ የመንገድ ስም የለ፤
ሰፈሩ ቀድሞ በቅሎ፣ ካርታው ገና እየተከተለ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤ የከሰል ጢስ ሸለቆውን ሞልቶ፣
በረዶው ዳገቱን እንደ መስተዋት ወልውሎ፣ እንደ ሰይፍ ስሎ ትቶ፤
ቶዮታይቱ ሁለቴ ወጣች፣ ሁለቴ ተንሸራታ ወረደች፤
በሦስተኛው "በቃኝ" አለች።
ባልዳን ሣጥኗን በብብቱ ሸጉጦ በእግሩ ጀመረ፣
ትንፋሹ በሪዙ ላይ እየጋገረ።

ማደያው አለ። አረንጓዴው በር አለ።
ከበሩ ኋላ ግን
ክብ ምልክት፤ የተጨፈለቀ ደረቅ ሣር፤
የምድጃ አመድ፤ አንድ የተረሳ ካስማ ከአጥሩ ሥር።
ቤቱ ተጠቅልሎ፣ ተጭኖ ሄዷል፤
አድራሻው ራሱ አድራሻ ቀይሯል።

ደወለ። የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም።

በስልኩ ላይ ሦስት ቁልፎች አሉ፦ ደረሰ፣ አልተገኘም፣ ይመለስ።
አንዱን መንካት ነው፤ ማን ይቆጣል፣ ማን ያለቅስ?
(ከኤርዴኔት በቀር። የመሄጃውንም የመመለሻውንም ከፋይ እሷው ናት፤
ደንበኛዋ ባልዳንን አታውቅም፤ ኮከቡን የምትነቅለው ከኖሚንቱያ ሱቅ አናት።)

አውራ ጣቱን ከጓንቱ አውጥቶ "ይመለስ" ላይ አንዣበበ፤
ብርዱ ነከሰው፤ ጥቂት አሰበ፤
አስቦም ሳይጨርስ ስልኩ ጠቆረና ጠፋ።
ባልዳን ሳቀ፤ "አንተማ ማዕድን ቤት አንድ ቀን አትውልም" ብሎ ወደ ኪሱ ገፋ።

ቁልቁል ተመልሶ የማደያውን መስኮት መታ።
ዱልማ መዝገብ የላትም፤ ሰፈሩን የምታውቀው በጀሪካኑ ቀለም ነው፣ ጠዋትና ማታ።
"ባለ ቢጫው? ባለፈው ሳምንት ተነሡ፤
ከጉብታው ማዶ፣ ከአጎታቸው ግቢ፤ ነፋሱ ጠንቶባት ለልጅቱ ሳሱ።
አራት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯ መቀስ አያውቅም፤ ነገ ዘመድ ተሰብስቦ ሊቆርጥላት ነው፤
እናቷ ጫማ ጫማ ስትል ሰነበተች። አንተ ነህ እንዴ፣ አንተ ሰው!"

ጉብታውን እንደ ዞረ ጥቁር ውሻ ጮኸበት፤
ጎደሎ ጆሮውን ሲያይ ባልዳን እንደ ዘመድ ሳቀለት።

ማራል ወጣች፣ ፀጉሯ ወገቧን አልፎ፤
ሣጥኗን ቀደደችው፦ ቀይ ቦቲ ጫማ፣ ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር ተጠልፎ።
ግራውን በቀኝ አጥልቃ በረዶውን ረገጠች፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ርምጃ።
የባቡሩም፣ የመጋዘኑም፣ የቶዮታይቱም መንገድ ያለቀው እዚህ ላይ ነው፣
ተገላቢጦሽ በተጫማ እግር።

እናትየው ጨው ያለው የወተት ሻይ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣ፤
ሃያ ዘጠኝ ዕቃ እየጠበቀው፣ መቀመጥ ከየት ይምጣ?

ማታ በኤርዴኔት አንዲት ስልክ ብልጭ አለች፦ "ደረሰ"።
ኖሚንቱያ ስለ አመዱ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ዱልማ ምንም አልሰማች፤
አንዲት ቃል አንብባ ክሯን በጥርሷ በጠሰች።
ወዲያው ሌላ ደንበኛ፦ "ለነገ ይደርሳል ወይ?"
መርፌዋን ሳታስቀምጥ ማለች።